ታትሞ እስኪወጣ

"ቀለም ነው ያሉት?"

ሙጫ ይህን የጠየቀችው የመናገሪያ ተራ ሳይሰጣት ነው። የበጀት ቢሮ ኃላፊው ቀጣዩን ገጽ ለመግለጥ ጣቱን በምላሱ እያራሰ ነበር። ድምጿ ከኋላው ረድፍ ተነስቶ አዳራሹን ሲያቋርጥ ግማሹ የምክር ቤት አባል ከስልኩ ቀና አለ። ሌላው ግማሽ የማን ድምፅ እንደሆነ ስላወቀ ቀና ማለትም አላስፈለገውም።

"የተከበሩ፣ እጅ አውጥተው ነው የሚጠይቁት" አሉ አፈ ጉባኤው።

"አውጥቼ ነበር፤ ዛለብኝና አወረድኩት። ለእኛ ወንዝ ድልድይ የተያዘው ገንዘብ ለቀለም ነው ያሉት?"

"ለድልድዩ የብረት አጥር የቀለም ቅብ፣ አዎ" አለ ኃላፊው። "ለአካባቢው ገጽታ ሲባል ነው።"

"የሚፈርሰው እኮ ከታች ነው። ምሰሶው ነው።"

"የምሰሶ ጥገና በዚህ በጀት ዓመት አልተያዘም።"

"ታዲያ ሲወድቅ አምሮበት እንዲወድቅ ነው?"

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። አፈ ጉባኤውም አብረው ሳቁ፤ ቀልድ የሚወዱ ሰው ናቸው፣ ምሳ ሰዓት እስካልተነካ ድረስ። "ጥያቄው በቃለ ጉባኤ ተይዟል" ብለው ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው ሰዓት ላኩ። "እንግዲህ በጀቱን በጭብጨባ እናጽድቅ።"

ተጨበጨበ። የክልሉ የዓመት ገንዘብ፣ ከሆስፒታሉ አልጋ እስከ ድልድዩ ቀለም፣ እጅ ከእጅ ተማትቶ አለቀ። ሙጫ አላጨበጨበችም፤ ግን ማን አየላት? ያጨበጨበውና ያላጨበጨበው እንዳይለይ እኮ ነው ጭብጨባ የተወደደው።

የምክር ቤቱ ደንብ ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው ይላል። ድሮ እንደዚያ ነበር። እጅ የሚቆጥሩት ጸሐፊ ጡረታ ሲወጡ ግን በምትካቸው ሰው ለመቅጠር በጀት አልተያዘም። ለአገር ምድሩ በጀት የሚያጸድቀው ምክር ቤት ለራሱ ቆጣሪ መያዝ ረሳ። ለጊዜው በጭብጨባ ይሁን ተባለ፤ ጊዜውም አላልፍ ብሎ ይኸው ስንት ዓመቱ። አባላቱ ለመዱት። ማጨብጨብ ከመቁጠር ይፈጥናል፣ ማንም ማንንም አይቀየምም፣ ምሳም አይቀዘቅዝም።

ሙጫ የሚለው ስም የወጣላትም እዚሁ ነው። ምክር ቤት ከመግባቷ በፊት ረጅም ዘመን በነርስነት ስለሠራች የአንድ ጤና ጣቢያ ውሃ መቋረጥ ያንገበግባት ነበር። አጀንዳው ስለ መንገድም ይሁን ስለ ከብት ክትባት ያንኑ ታነሳለች። "ከብቱስ ይከተብ፤ ለመሆኑ የጤና ጣቢያው ውሃ የት ደረሰ?" ትላለች። ውሃው በሦስተኛው ዓመት ገባ። የውሃ ቢሮው ኃላፊ በምረቃው ቀን ቧንቧውን ከፍቶ "ይኸው፣ አሁን ልቀቂኝ" አላት ይባላል። ከዚያ ወዲህ ወዳጅም ጠላትም ሙጫ ይላታል፤ እሷም ስሙን አልጠላችውም።

ዛሬ ግን ያመጣት ቀለሙ አልነበረም። ከሻይ በኋላ የሚቀርብ ረቂቅ አዋጅ ነበራት። በድልድዮች አቅራቢያ በማሽን አሸዋ ማውጣትን የሚከለክል ነው። ከቋሚ ኮሚቴ ቋሚ ኮሚቴ ስትጎትተው ከርማ ዛሬ ገና ለድምፅ ደርሶላታል።

እሷ በተመረጠችበት አካባቢ ያለው ድልድይ ከወዲያ ማዶ ያለውን ሰው ከሆስፒታሉ፣ ከወዲህ ያለውን ደግሞ ከገበያው ያገናኛል። ስካቫተሮቹ በምሰሶዎቹ ዙሪያ አሸዋውን ሲዝቁት፣ ሲዝቁት፣ የመሐለኛው ምሰሶ መሠረት እንደ ገጠጠ ጥርስ ወጥቶ ቀረ። ከክረምቱ ወዲህ የአውቶቡስ ሾፌሮች ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርሱ ያቆማሉ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ "ሁሉም ወራጅ ነው!" ይላል። ነፍሰ ጡሯም፣ በሽተኛውም፣ ሕፃን ያዘለችውም ወርደው በእግራቸው ይሻገራሉ። ባዶው አውቶቡስ ከኋላቸው ቀስ እያለ ይከተላል። ማዶ ሲደርሱ እንደገና ተሳፍረው፣ ያንኑ ወንበር ይዘው፣ ያቋረጡትን ወሬ ይቀጥላሉ። ሙጫን ከሁሉም በላይ ያበሳጫት ይሄ መልመዳቸው ነበር።

አሸዋ ከሚወጣባቸው ጉድጓዶች ትልቁ የታላቅ ወንድሟ ነው።

የሻይ ደወል ሲደወል መተላለፊያው ላይ ቆሞ አገኘችው። ለሠርግ ብቻ የሚለብሰውን ሙሉ ልብስ ለብሷል። ክራባቱን ማን እንዳሰረለት እንጃ፣ አንገቱን ወጥሮ ይዞታል።

"ጋሼ! ምን ልትሠራ መጣህ?"

"እህቴ ስትናገር ልሰማ ነዋ። ሻይ ጠጣሽ?"

"ማን አስገባህ?"

"ተጠሪው። የእንግዳ መግቢያ ወረቀት ሰጠኝ። ደህና ሰው ነው።"

ተጠሪው የብዙኃኑን አባላት የሚመራ፣ መቼ እንደሚጨበጨብ ቀድሞ የሚያጨበጭብ ሰው ነው። ሙጫ ስሙን ስትሰማ ነገሩ ገባት።

"ምን አለህ?"

"አልቋል አለኝ። ረቂቁ ለተጨማሪ ጥናት ይመለሳል።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ማንም አይጎዳም። ያንቺም ልፋት አይጠፋም፤ ይጠናል።"

ለተጨማሪ ጥናት ተመልሶ የተመለሰ ረቂቅ በዚህ ቤት አልታየም፤ የውሃ ሽታ ሆኖ ነው የሚቀረው። ይህን እሱም ያውቃል፣ እሷም እንደሚያውቅ ታውቃለች።

"እና ከእኔ ምን ፈለጋችሁ?"

"ምንም። ሰው ሲያጨበጭብ አንድ ሁለቴ አጨብጭቢ። ሌላ ምንም አታድርጊ። አንቺ ካጨበጨብሽ ሌላ የሚጮህ የለም ነው የሚለው።"

"ጋሼ፣ ጉድጓዱ እኮ ምሰሶው ስር ደርሷል። በዓይንህ አይተኸዋል።"

"እኔ ብቻ ነኝ የምቆፍረው?"

"ትልቁ ያንተ ነው።"

"ስለሠራሁ ነዋ ትልቅ የሆነው!" ሁለት አባላት ስኒ ይዘው ሲያልፉ ዝም ብሎ አሳለፋቸውና ቀጠለ። "ያ ድልድይ ሲሠራ አሸዋውን በአካፋ እየዛቅኩ፣ በጀርባዬ ተሸክሜ ዳገቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንቺ ነጭ ጋውን ለብሰሽ ስትማሪ እኔ እስከ ወገቤ ውሃ ውስጥ ነበርኩ። ረሳሽው?"

አልረሳችም። አባታቸው ሲሞት እሱ ገና ጺም ያላበቀለ ልጅ ነበር፤ የእሷን የትምህርት ቤት ክፍያ በአካፋ ነው የከፈለው። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን አንድም ቀን ውለታውን ከአፉ አውጥቶት አያውቅም። ዛሬ መተላለፊያ ላይ፣ ባልለመደው ክራባት ታንቆ ሲያወጣው አንጀቷን በላት። እቅፍ አድርጋው ብታለቅስ በወደደች።

"ልጄ ሐኪም ልትሆን ሁለት ዓመት ቀርቷታል" አለ። "አክስቷ ነሽ። ከየት አምጥቼ ላስጨርሳት? የስካቫተሩ ኪራይ አለ። የሦስት ገልባጭ ሾፌሮች አሉ፣ እነሱስ ልጅ የላቸውም?"

"ይህን ረቂቅ ስጽፍ መጀመሪያ የነገርኩት ላንተ ነው። ከድልድዩ ራቅ በል፣ ሌላ ቦታ ፈልግ ብዬ እግርህ ላይ ወድቄ ለመንኩህ። ዓመት አለፈው።"

"ሌላው ቦታ አሸዋው ጭቃ ነው። ማንም አይገዛውም።"

"እንግዲያው አላጨበጭብም።"

"አንቺ ልጅ..."

"ልጅነቴ ድሮ ቀረ፣ ጋሼ። ወረቀት ከሰጡህ ላይኛው ፎቅ ወጥተህ ቁጭ በልና ስማ።"

ይህን ብላው ሄደች። ሻይዋንም አልጠጣችም።

ስብሰባው ሲቀጥል የቋሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወረቀቱን አነበበ። ረቂቁ እጅግ ጠቃሚ ነው፣ ወቅታዊ ነው፣ አዘጋጇም ሊመሰገኑ ይገባል፤ ይሁን እንጂ ጥልቀት ያለው ጥናት ስለሚያስፈልገው ወደ ኮሚቴው እንዲመለስ የውሳኔ ሐሳብ ቀርቧል አለ። እንዲህ አሞጋግሰው ሲቀብሩ አዲስ አይደለም።

"የውሳኔ ሐሳቡን በጭብጨባ" አሉ አፈ ጉባኤው።

ተጠሪው ቀድሞ ጀመረ፣ ሌላው ተከተለ። ከላይ፣ እንግዶች እንዳያጨበጭቡ የሚል ማስታወቂያ ከተለጠፈበት ግድግዳ ስር ጋሼም ያጨበጭባል። ሙጫ ተነስታ ቆመች።

"የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ።"

"ውሳኔው ተላልፏል፣ የተከበሩ።"

"ማን አስተላለፈው?"

"ምክር ቤቱ ነዋ።"

"ከምክር ቤቱ ማን ማን? እኔ የሰማሁት ጩኸት ነው፤ የማን ጩኸት እንደሆነ አላውቅም። ደንቡ እጅ ነው የሚለው። እጅ ይቆጠርልኝ።"

"እሱ እኮ ልዩነት ሲኖር ነው" አሉ አፈ ጉባኤው በትዕግሥት። "እዚህ የሚቃወም የለም።"

"አለ። እኔ አለሁ።"

አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ያኔ ተጠሪው ኮቱን ቆልፎ ተነሳ። ረጋ ብሎ፣ ለበሽተኛ ጠያቂ በሚስማማ ድምፅ ነበር የሚናገረው።

"ክብርት እህታችን ደንብ ካነሱ አይቀር ሙሉውን እናንሳው። የጥቅም ግጭት ያለበት አባል ድምፅ አይሰጥም ይላል፣ ያው ደንብ። ከዚያ ወንዝ አሸዋ የሚያወጣው የማን ወንድም እንደሆነ ለምክር ቤቱ ይንገሩን። የቤተሰብ ጠብ እዚህ ድረስ ይዘው መጥተው እንዳይሆን ብዬ ነው።"

ጉርምርምታው ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። ሙጫ ቀና ብላ ወደ ላይ አየች። ጋሼ አፉን ከፍቶ ተጠሪውን እያየው ነው። ጠዋት ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ወረቀት የሰጠው ሰው በሕዝብ ፊት ሲሸጠው ገና አልገባውም። በሰውየው ተናደደች። ለወንድሟም ተናደደችለት፣ ይህን ሁሉ የሚያመጣባት እሱ ሆኖ ሳለ።

"ልክ ብለዋል" አለች። "ልናገረው ነበር፣ ቀደሙኝ። ከጉድጓዶቹ ትልቁ የታላቅ ወንድሜ ነው። እኔን ያስተማረኝ ሰው ነው፤ ለዚህ ወንበር ያበቃኝ እሱ ነው። ያውና፣ ላይ ተቀምጧል። የእንግዳ ወረቀቱን ደግሞ የሰጡት እርስዎ ነዎት።"

በዚህ ጊዜ የሳቁት ብዙ ናቸው። ተጠሪው አልሳቀም።

"ስለዚህ እኔ ድምፅ አልሰጥም፤ ይጻፍልኝ። እጅ ይቆጠር ማለት ግን ድምፅ መስጠት አይደለም፣ የማንም አባል መብት ነው። ሳይቆጠር ቀጣዩ አጀንዳ ቢነበብ ከአንባቢው እኩል እናገራለሁ፤ እንደማደርገው ታውቃላችሁ።"

ያውቃሉ። አፈ ጉባኤው ሰዓቱን አዩ። "ይሁን እንበል፤ ግን ቆጣሪ የለንም እኮ" አሉ፣ ማምለጫ ያገኙ መስሏቸው።

"እኔ እቆጥራለሁ።"

የተናገሩት ከሙጫ አጠገብ የሚቀመጡት አዛውንት ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ሲሆኑ በስብሰባ ላይ የሚታወቁት በእንቅልፋቸው ነው። ብዕራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ወደ ፊት ሄዱ። "ዕድሜ ልኬን ክፍል ውስጥ እጅ ስቆጥር ነው የኖርኩት" አሉ። "ረቂቁ ወደ ጥናት ይመለስ የምትሉ፣ አውጡ። ስማችሁንም ጮክ ብላችሁ ንገሩኝ፣ ጆሮዬ ትንሽ ይደክማል።"

ከደቂቃዎች በፊት ሲማታ የነበረ እጅ ሁሉ ከበደ። ከላይ፣ ከእንግዶቹ መሐል የተቀመጠች የሬዲዮ ጋዜጠኛ ብዕሯን ጠቅ ስታደርግ ተሰማ። ተጠሪው እጁን ቀጥ አድርጎ አወጣ፣ ከጎኑ ያሉትም አወጡ። ከዚያ በኋላ ግን እየተቆራረጠ መጣ። አንዱ እጁን እስከ ጆሮው አድርሶ አቆመው።

"ይሄ ድምፅ ነው ማሳከክ ነው?" አሉ መምህሩ ብዕራቸውን ቀስረው።

ሰውየው ወደ ተጠሪው አየ፣ ወደ ጋዜጠኛዋ አየ። "ማሳከክ ነው" አለና ጭንቅላቱን አከከ።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከወዲያ ማዶ የተመረጠች አባል ነበረች። ባለፈው ሳምንት እናቷን ሆስፒታል ልታደርስ ስትመጣ ከአውቶቡስ አውርዳ በቃሬዛ ነው ያሻገረቻቸው። ጭብጨባ ሲሆን ሁሌም ታጨበጭባለች፤ ማጨብጨቧም ልብ ብላ አልነበረም። አሁን መምህሩ አጠገቧ ሲቆሙ ሁለት እጇን ብብቷ ውስጥ ከታ አንገቷን ነቀነቀች። ከእሷ በኋላ ያለው ረድፍ እንዳለ እጁን ሰበሰበ።

ለጥናት ይመለስ ያሉት አርባ አንድ ሆኑ። አይመለስም ያሉት ሃምሳ ስምንት። ያንን ሁሉ ጭብጨባ ያሰማው ይሄው አርባ አንድ ሰው ነበር ቢባል ማን ያምናል? መምህሩ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው ተናገሩ፤ ለራሳቸው ጆሮም ጭምር ይመስላል። ወዲያው ረቂቁ ራሱ ለድምፅ ቀረበና በዚያው ቁጥር ገደማ አለፈ። ሙጫ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ደስ ብሏታል፣ ወደ ላይ ለማየት ግን አልደፈረችም።

ሥርዓቱ አንቀጾቹ እንዲነበቡ ያዛል። አፈ ጉባኤው የምሳ ሰዓት እያለፈባቸው ስለነበር በሩጫ አነበቡ። አባላቱ ቦርሳ ዘጉ፣ ወንበር አንኳኩ፣ ስልክ ደወሉ።

"አንቀጽ አሥራ ሁለት። ይህ አዋጅ በክልሉ ጋዜጣ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል።"

ሙጫ ደነገጠች። አሥራ አንዱን አንቀጽ እሷው ቃል በቃል፣ እየሰረዘች እየደለዘች ጽፋቸዋለች። አሥራ ሁለተኛውን ግን ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው ከሌላ አዋጅ ገልብጣ ነው የለጠፈችው። የመጨረሻ አንቀጽ ሁሌም አንድ ነው፤ ማንም አያነበውም። እሷም አላነበበችውም። የክልሉ ማተሚያ ቤት ግን ወረቀት ሲያገኝ ቀለም የለውም፣ ቀለም ሲያገኝ ማሽኑ ይሰበራል። ስንት አዋጅ ጸድቆ፣ ሳይታተም፣ ግማሽ ዓመት ሙሉ እንደሌለ ሆኖ ተቀምጧል።

ቀና ስትል ጋሼ ክንዱን መደገፊያው ላይ አስደግፎ ወደ ፊት ተስቧል። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል ያቺን አንቀጽ ያዳመጠ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

"አፈ ጉባኤ! የመጨረሻው አንቀጽ ላይ..."

መዶሻው ወረደ። "ጸድቋል! ያውም እንደጠየቁት እጅ ተቆጥሮ" አሉ አፈ ጉባኤው ፈገግ ብለው፤ ተነሱም።

ግቢው በር ላይ ጋሼ ፒካፑን አስነስቶ ጠበቃት። ክራባቱን አውልቆ ዳሽቦርዱ ላይ ጥሎታል።

"ግቢ።"

"በአውቶቡስ እሄዳለሁ።"

"ተጣላን እንጂ አልሞትንም። ግቢ አልኩሽ።"

ገባች። የከተማው የመጨረሻ ነዳጅ ማደያ ሲታለፍ እሱ ጀመረ።

"መቼ ነው የሚታተመው?"

"ታውቀዋለህ።"

"የባለፈው የመሬቱ አዋጅ አምስት ወር ነው የፈጀው። ሰምቻለሁ።" በመስኮት ወደ ውጭ ተፋ። "ነገ ሁለተኛ ስካቫተር እከራያለሁ። በአምስት ወር የሚወጣውን ያህል አወጣለሁ። ሕግ ተላልፌያለሁ?"

"አልተላለፍክም።"

"እኮ። ሕጉን አንቺ ጻፍሽው፣ እኔ አዳመጥኩት።" ሊስቅ ሞከረ፣ አልመጣለትም። "ያ ሰውዬ እንዴት አዋረደኝ፣ አየሽ? በሕዝብ ፊት! አንቺም ደግመሽ..."

"እኔ ያልኩት ያስተማረኝ ነው ነው።"

"ሰምቻለሁ ያልሽውን" አለና መሪውን ጨበጠ። ዓይኑ እርጥብ ብሎ ነበር።

ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ከፊታቸው አውቶቡስ ቆሞ ሰው ያወርዳል። አንዲት ሴት ልጇን በአንድ እጇ፣ ፌስታሏን በሌላው ይዛ በዳር በዳር ትሄዳለች። ጋሼ ወረፋውን ጠብቆ ፒካፑን ቀስ አድርጎ አስገባው። ሙጫ ያኔ ነው ያየችው፦ የመቀመጫ ቀበቶውን ፈታ፣ የጎኑን መስኮት እስከ ታች ከፈተ፣ የበሩንም እጀታ በግራ እጁ ያዘ። ለመዝለል ነበር የተዘጋጀው። ለራሱ እንኳ ሳይታወቀው፣ በየቀኑ እንደሚያደርገው ሁሉ አደረገው።

"ቀበቶህን ለምን ፈታኸው?"

በቀኝ እጁ መሪውን አጥብቆ ያዘ።

"ጋሼ፣ ቀበቶህን ለምን ፈታኸው?"

ማዶ እስኪደርሱ ድረስ አላያትም። ሲደርሱ መስኮቱን ዘጋ፣ ቀበቶውን መልሶ አሰረ።

"አቁም" አለችው። "አቁም፣ እወርዳለሁ።"

ከአስፋልቱ ወደ ወንዙ የሚወርደው የገልባጭ መኪኖች መንገድ እዚያው ነው። ጎማ የቦረቦረው፣ ከአንድ መኪና በላይ የማያሳልፍ ቁልቁለት ነው። ከታች የስካቫተሩ ጥርስ ሲፋጭ ይሰማል። ሙጫ የምክር ቤት ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ቁልቁለቱን ወረደች። ግማሽ መንገድ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ዙሪያዋን አየች። መንገዱ መሐል ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ መረጠችና ተቀመጠችበት።

አሸዋ የጫነ ገልባጭ ከታች እያቃሰተ መጥቶ ፊቷ ቆመ። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ፣ ከዚያ አወቃትና አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"እትዬ! እዚህ ምን ያደርጋሉ? ይነሱልኝ እንጂ፣ ልለፍበት!"

"አልነሳም፣ ልጄ።"

ጋሼ ከኋላዋ ጠጠሩን በእግሩ እያንከባለለ ወረደ። "አብደሻል? ሰው ምን ይላል? ተነሺ!"

"ሰውማ ያላለው የለም። ተቀመጥኩ።"

"ሕጉ አልጀመረም! ራስሽ አልተላለፍክም ብለሽኛል!"

"አንተን አይከለክልህም። እኔንም እዚህ እንዳልቀመጥ አይከለክለኝም። አሥራ ሁለቱንም አንቀጽ ፈልግ፣ የለም።"

"ፖሊስ እጠራለሁ።"

"ጥራ። ሲመጡ ቀበቶ እየፈታህ በድልድይ የምታልፍ ሰው መሆንህን እነግራቸዋለሁ።"

ከጫነው መኪና ኋላ ሁለተኛው መጣ፣ እሱም ቆመ። ታች ያለው ስካቫተር የሚጭንበት መኪና ሲያጣ ክንዱን አንስቶ ዝም አለ። ውሃው ሲሄድ ይሰማ ጀመር።

"እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትቀመጪው?" አለ ጋሼ፣ ድምፁ ወርዶ።

"ታትሞ እስኪወጣ።"

"አምስት ወር?"

"ማተሚያ ቤቱ ቢፈጥን ይሻላል። እዚህ ተቀምጬ እደውልላቸዋለሁ። በየቀኑ ነው የምደውለው፤ ሲሰለቻቸው ያትሙታል።"

ሾፌሩ አንዴ እሷን፣ አንዴ አሠሪውን እያየ ግራ ገባው። "አለቃ፣ ምን ላድርግ? ወደ ኋላ ልመለስ?"

ጋሼ እህቱን አየ፣ ከእሷ ራስ በላይ ድልድዩን አየ። ሌላ አውቶቡስ መጥቶ ሰዎቹ መውረድ ጀምረዋል።

"ሞተሩን አጥፋው" አለ በመጨረሻ። "ነዳጁ በከንቱ አይቃጠል።"

ሞተሩ ጠፋ። ሙጫ ወደ ሁለቱም አላየችም። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አንድ በአንድ አወለቀች፤ አሸዋውን አራግፋ ከድንጋዩ ጎን አስቀመጠችው።